የልዕልቷ ስም፣ የደዌው ሰፈር

ዘነበወርቅ የሰፈር ስም ከመሆኑ በፊት የሰው ስም ነበር። የአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ዘነበወርቅ ለደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ ጉግሣ ተድረው ወደ ትግራይ ሄዱ፤ ብዙም ሳይቆዩ፣ በ1920ዎቹ አጋማሽ፣ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳሉ መቀሌ ላይ ዐረፉ (ዘመኑን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር እጽፋለሁ)። በዚያው ሰሞን የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን ሰዎች ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ ዛሬ ኮልፌ ቀራንዮ በምንለው ዳርቻ፣ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ሆስፒታል ያቋቁሙ ነበር። ሆስፒታሉ በልዕልቷ ስም ተጠራ። እሳቸውን የገደላቸው ግን የሥጋ ደዌ አልነበረም።

ሰው የሚሸሸውን በሽታ የንጉሥ ልጅ ስም ሲሸከመው ይከበራል ተብሎ ታስቦ ይሆናል። የሆነው ተገላቢጦሹ ነው፤ ክብሩ ወደ በሽታው ሳይሻገር በሽታው ወደ ስሙ ተሻገረ። «ዘነበወርቅ ነው የምኖረው» ያለ ሰው ጣቶቹ ሲታዩበት ኖሯል። የኖርዌዩ ሐኪም አርማወር ሃንሰን የበሽታውን ተህዋስ ካገኘ 150 ዓመት አልፏል፤ ዛሬ በጥምር መድኃኒት ከ6 እስከ 12 ወር ታክሞ ይዳናል። ድሮ የዳኑት ግን አገራቸው አልቀበል ብሏቸው በሆስፒታሉ ዙሪያ ጎጆ ቀልሰው ቀሩ። ሰፈሩ የቆመው በዚህ ነው።

ለመሆኑ ታላላቆቻችን ሲታመሙ ሕዝቡ ምን ይማር ነበር? ብዙ ጊዜ መደበቅን። እምዬ ምኒልክ ሽባ ሆነው ሲተኙ ቤተ መንግሥቱ ለዓመታት አፉን ዘጋ፤ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም ማረፋቸው እንኳ በወጉ ሳይነገር ቆየ። ባዶውን ቦታ የሞላው የመርዝ ወሬ ነበር። የውጭ ሐኪምና ሆስፒታል ወዳድ የነበሩት ንጉሥ የራሳቸው ሕመም ስለ ሕክምና አንዳች ሳያስተምር አለፈ።

የልጃቸው የንግሥት ዘውዲቱ ይብሳል። መጋቢት 24 ቀን 1922 ዓ.ም ያረፉት ባላቸው የነበሩት ራስ ጉግሣ ወሌ አንቺም ላይ ከተገደሉ ሁለት ቀን እንኳ በወጉ ሳይሞላ ነው። የስኳር ሕመምተኛ ነበሩ፤ በላዩ ትኩሳት ተጨመረ። ሕዝቡ ግን ሐዘን ገደላቸው አለ፤ መርዝ ነው አለ፤ ቀዝቃዛ ጠበል ውስጥ ነክረዋቸው ነው አለ። ስኳርን ያነሣ አልነበረም። ኢንሱሊን በሰው ላይ መሰጠት ከጀመረ ያኔ 8 ዓመት ሆኖት ነበር። ዛሬ በስማቸው የሚጠራ ሆስፒታል አለ፤ ደጃፉ ላይ ቆማችሁ በምን እንደታመሙ ብትጠይቁ የሚነግራችሁ ስንት ሰው ይሆን?

የዘነበወርቅ ታናሽ እህት ልዕልት ፀሐይ ግን ሌላ ናቸው። በስደት ዘመን ለንደን፣ ግሬት ኦርመንድ ስትሪት በሚባለው የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተማሩ። የንጉሥ ልጅ የበሽተኛ ቁስል ማጠቧ ከሺህ ስብከት ይበልጣል። ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም ነቀምት ላይ በ22 ዓመታቸው ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ሕመም ዐረፉ። የኢትዮጵያ ወዳጅ የነበረችው ሲልቪያ ፓንክረስት እንግሊዝ አገር ገንዘብ አሰባስባ የመታሰቢያ ሆስፒታላቸው ተሠራ። ከአብዮቱ ወዲህ ያ ሆስፒታል የጦር ኃይሎች ነው፤ የእሳቸው ስም ከሰሌዳው ወረደ። የአንዷ እህት ስም ከበሽታ ጋር ተጣብቆ ቀረ፣ የሌላዋ ተፋቀ።

መደበቁም ከነገሥታቱ ጋር አልቀረም። በ2004 ክረምት ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ከዓይን ሲጠፉ አገሩ ሁሉ ሐኪም ሆነ። ነሐሴ 14 ብራስልስ ማረፋቸው በማግስቱ ሲነገር እንኳ የሕመሙ ዓይነት በግልጽ አልተብራራም።

ይህን ልማድ የሰበረው፣ በእኔ ግምት፣ ዘፋኝ ነው። ጥላሁን ገሠሠን ስኳር እግሩን እንዳስቆረጠው አገር ያውቅ ነበር። በ2001 ዓ.ም የፋሲካ ዕለት፣ ሚያዝያ 11፣ ሲያርፍ እንደ ዘውዲቱ ጊዜ መርዝ የፈለገ አልነበረም። «ስኳር እግር ያሳጣል» የሚለውን ከሐኪም ምክር ይልቅ ከጥላሁን የሰማነው ብዙ ነን። ዕውቀቱ ፍርሃት የተቀላቀለበት ነው፤ በጊዜ ከተያዘ እግር እንደሚተርፍ ያንኑ ያህል አልተወራም።

በኤች አይ ቪ ጊዜ ደግሞ ዝነኞቹ አልደረሱልንም። አሜሪካዊው ቅርጫት ኳስ ተጫዋች ማጂክ ጆንሰን በ1984 ዓ.ም ቫይረሱ በደሜ አለ ብሎ ሲናገር በአገሩ ለምርመራ የሚሄደው ሰው በዛ። እኛ ዘንድ በዚያ ዘመን እንዲያ ያለ ስመ ገናና አላስታውስም። ፊታቸውን ለሕዝብ የሰጡት በመቅድምና በተስፋ ጎህ ማኅበራት የተሰባሰቡ ተራ ሰዎች ናቸው። በ1999 ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ መድኃኒቱንም ጠበሉንም አብራችሁ ውሰዱ ማለታቸው እንጦጦ ጠበል ለነበሩት ሕሙማን ትልቅ ነገር ነበር፤ ግን እሳቸው መካሪ እንጂ ታማሚ አልነበሩም።

ያኔ መድኃኒቱን ለመውሰድ ሰው ከጎረፈባቸው ቦታዎች አንዱ የዘነበወርቁ ግቢ ነው፤ አንዱ መገለል በሌላው ላይ ተደረበ። ግቢው ከ1958 ዓ.ም ጀምሮ አለርት ይባላል፤ በ1962 የተቋቋመው የአርማወር ሃንሰን የምርምር ተቋምም እዚያው ነው። ዛሬ የቆዳ፣ የዓይን፣ የአደጋና ሌላም ታካሚ ይቀበላል። የአየር ጤና ታክሲ ረዳት ግን ሰሌዳውን አያነብም፤ «ዘነበወርቅ ወራጅ አለ?» ይላል።