በውል የታገደች ቃል

በሙያዬ የባንክ ሠራተኛ ነኝና ውል ማንበብ የዘወትር ሥራዬ ነው። አንዲት ቃል እንዳትጻፍ ብሎ የሚከለክል አንቀጽ ያየሁት ግን በአንድ ውል ብቻ ነው፤ እርሱም እንግሊዝና ቻይና እ.ኤ.አ. በ1858 በቲያንጂን የተፈራረሙት ነው። የቻይና ሹማምንት በማናቸውም ይፋዊ ጽሑፍ የእንግሊዝን መንግሥትም ሆነ ዜጎቹን «ዪ» ብለው እንዳይጠሩ 51ኛው አንቀጽ ያግዳል።

ለመሆኑ «ዪ» ማለት ምን ማለት ነው? ጠቡም የተነሣው ከዚሁ ጥያቄ ነው። በጥንታዊት ቻይና ቃሉ በምሥራቅ በኩል ለሚኖሩ፣ ቻይናዊ ላልሆኑ ሕዝቦች የተሰጠ ስም ነበር፤ ኋላ ከየትም ለሚመጣ ባዕድ ዋለ። እንግሊዞች «ባርባሪያን» ብለው ተረጐሙት፤ በእኛ «አረመኔ» እንደ ማለት ነው። ይህም ቃል ራሱ ጥንት በግሪኮች ዘንድ ግሪክኛ የማይናገር ሰው ማለት ነበር። «ዪ» የንቀት ቃና አልነበረውም አልልም። ነገር ግን ባዕድን ዝቅ አድርጎ ማየትና «አረመኔ» ብሎ መስደብ አንድ አይደሉም። እኛም «ፈረንጅ» ስንል አክብሮቱም ሽሙጡም የሚለየው በአነጋገራችን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1832 የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ባልደረባ የነበረው ሂው ሃሚልተን ሊንድሲ በመርከብ ሻንጋይ ደረሰ። የከተማይቱ ሹም «ዪ» ብሎ ቢጽፍበት ተሰደብሁ ሲል ተቆጣ። ሹሙ ግን መልስ አላጣም። ፈላስፋው ሜንሽየስ የጥንቱን ደግ ንጉሥ ሹንን የምሥራቅ «ዪ»፣ ንጉሥ ዌንንም የምዕራብ «ዪ» ብሏቸዋልና ቃሉ እንደ ምን ስድብ ይሆናል ሲል ተከራከረ። ይህንኑ የሜንሽየስን ቃል ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት ማንቹው ንጉሠ ነገሥት ዮንግዠንግም ጠቅሶት ነበር። የእርሱን ወገኖች «ዪ» እያሉ የሚያንቋሽሹ ቻይናውያን ነበሩና፣ ቃሉ የትውልድን ስፍራ ከመጠቆም አያልፍም ብሎ ነበር የተሟገተው።

በ1834 ሎርድ ኔፒየር የእንግሊዝ የንግድ ተቆጣጣሪ ሆኖ ካንቶን ገባ። የቻይና ሹማምንት «ዪ ሙ» አሉት። «ሙ» ዓይን ማለት ነው፤ አለቃም ማለት ነው። «የባዕዳን አለቃ» ብሎ መተርጐም ይቻል ነበር። እንግሊዝኛው ግን «የአረመኔ ዓይን» ሆኖ ወጣ። ንጉሡን ወክሎ የመጣ ሰው ይህን ሲያነብ ምን እንደሚሰማው መገመት አያዳግትም።

ይህን አተረጓጐም የተቃወመ እንግሊዛዊም አልጠፋም። የቻይናን የሕግ መጽሐፍ በ1810 ወደ እንግሊዝኛ የመለሰው ጆርጅ ቶማስ ስታውንተን፣ እንዲህ ያለው ትርጉም በሁለቱ ሕዝቦች መካከል ያለውን ቅራኔ ያሰፋል ሲል በ1836 ጻፈ። ምክሩ ግን አልተሰማም። ከዚያ በኋላ የተከተሉትን ጦርነቶች ያመጣው ይህ ቃል ነው ማለቴ አይደለም፤ የኦፒየምና የንግድ ጥቅም ነው። ቃሉ ግን ቂሙን መገበው።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ከ51ኛው ቀድሞ የተቀመጠው 50ኛው አንቀጽ ነው። በእንግሊዝኛውና በቻይንኛው ጽሑፍ መካከል የትርጉም ልዩነት ቢኖር፣ እንግሊዝ ትክክል ብላ የምትይዘው የእንግሊዝኛውን ነው ይላል። በመድፍ ብልጫ ያገኘው ወገን የትርጉምም ዳኛ ሆነ።

«ዪ» ከይፋዊው ጽሑፍ እየራቀች ሄደች፤ በስፍራዋም «ያንግ» ተተካች። «ያንግ» ውቅያኖስ ማለት ስትሆን ከባሕር ማዶ የመጣውን ታመለክታለች። በውስጧ ስድብ አልነበረባትም። እ.ኤ.አ. በ1900 የቦክሰሮች ዐመፅ በተቀጣጠለ ጊዜ ግን ዐመፀኞቹ «ቺንግን እንደግፍ፣ ያንግን እናጥፋ» የሚል መፈክር አነገቡ። ውሉ «ዪ»ን ካገደ ገና 42 ዓመቱ ነበር።