የጥሬ ቪዲዮ ቁልፍ በማን እጅ ነው? ከሊኑክስ የምስል ቅንብር ታሪክ



የዛሬው ንግግሬ ክፍት ምንጭ በሆነው የሊኑክስ ስርዓተ ክወና ላይ የባለሙያ ጥሬ ቪዲዮን የማቀናበርን ታሪክ ይመለከታል። ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የዐቅም ታሪክ ሆኖ ይተረካል፤ ሊኑክስ ደካማ ስለ ነበር ባለሙያው ሸሸው ይባላል። ማስረጃው ግን ሌላ ያሳያል። ዲጂታል ዶሜይን የተባለው ስቱዲዮ በ1997 እ.ኤ.አ. ለወጣው «ታይታኒክ» ፊልም ምስሎችን ካሰላባቸው ኮምፒውተሮች ብዙዎቹ በሊኑክስ የሚሠሩ ነበሩ። ኢንዱስትሪያል ላይት ኤንድ ማጂክም በ2003 ኦፕን ኢኤክስአር የተባለውን የምስል ፎርማት ከነኮዱ ለሁሉም ክፍት አደረገ። ስለዚህ ዐቅሙ ነበረ፤ የጎደለው ቁልፉ ነበር።

ቁልፍ ስል ምን ማለቴ ነው? በካሜራው የብርሃን መቀበያ ላይ እያንዳንዱ ነጥብ ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ አንዱን ብቻ ይለካል። ጥሬ ቪዲዮ የሚባለው ይህ ልኬት ቀለሙ ሳይሟላ፣ ገና ሳይበስል ሲቀመጥ ነው። ለአቀናባሪው ሰፊ ነፃነት ይሰጣል፤ መጠኑ ግን ከባድ ነው። በ1920 በ1080 ነጥብ፣ በ14 ቢት፣ በሴኮንድ 24 ምስል ሳይጨመቅ ቢቀረጽ በሴኮንድ 87 ሜጋባይት ያህል፣ በሰዓት ከ300 ጊጋባይት በላይ ይወጣዋል። አምራቾች ይህን ሸክም ለማቅለል ምስሉን ጨመቁት፤ የአጨማመቁንም ስልት የግላቸው አደረጉት። ቁልፉ የተበጀው እዚህ ላይ ነው።

በ2007 ገበያ ላይ የዋለው የሬድ ዋን ካሜራ ጥሬ ቪዲዮን ጨምቆ ይቀርጽ ነበር። ኩባንያው ስልቱን በፓተንት አስጠበቀ፤ አፕል ያነሣውንም ተቃውሞ የአሜሪካ የፓተንት መሥሪያ ቤት በ2019 ሳይቀበለው ቀረ።

በሌላው ወገን ቁልፉን ራሳቸው የሠሩ ነበሩ። ዴቭ ኮፊን ከ1997 ጀምሮ ዲሲሮው በተባለው ፕሮግራሙ የበርካታ ካሜራዎችን ጥሬ ፎቶግራፍ አነበበ። በ2013 የማጂክ ላንተርን በጎ ፈቃደኞች የካነን 5ዲ ማርክ 3 ካሜራ ባለ14 ቢት ጥሬ ቪዲዮ እንዲቀርጽ አደረጉ፤ አምራቹ ይህን ችሎታ ለገዢው አልሰጠም ነበር። የብሌንደር ፋውንዴሽን ደግሞ ሌላ መንገድ መረጠ። በ2012 በአምስተርዳም ያዘጋጀውን «ቲርስ ኦፍ ስቲል» በሶኒ ኤፍ65 ከቀረጸ በኋላ ምስሉን ወደ ኦፕን ኢኤክስአር ለውጦ ሥራውን በክፍት ፎርማት ቀጠለ።

የብላክማጂክ ዲዛይን ታሪክ ሁለቱንም ወገን ያጣምራል። የ2012 ካሜራው ዝርዝሩ በይፋ በታተመው በሲኒማ ዲኤንጂ ፎርማት ይቀርጽ ነበር። በ2017 ኩባንያው ዳቪንቺ ሪዞልቭን ለሊኑክስ ተጠቃሚዎች ያለ ክፍያ አቀረበ። በ2018 ግን የራሱን ጥሬ ፎርማት አወጣ። በሊኑክስ የሚከፍተውን መሣሪያ ለሁሉም አድሏል፤ የውስጥ ኮዱ ግን ዝግ ነው። በሩ ተከፍቷል፤ ቁልፉ ግን ከባለቤቱ ኪስ አልወጣም።

ይህ ለእኛ ለታሪክ ሰዎች ለምን ያሳስባል? የድሮውን የፊልም ኔጋቲቭ ወደ ብርሃን ያነሣ ሰው የማንንም ፈቃድ ሳይጠይቅ ምስሉን ያያል። ጥሬ ፋይል ግን ፈቺው ከጠፋ የቁጥር ክምር ነው። አፕል በ2018 ያወጣውን ፕሮሬስ ሮው የተባለ ፎርማት፣ የክፍት ምንጭ ፕሮግራሙ ኤፍኤፍኤምፔግ በራሱ ኮድ መክፈት የቻለው በ2025 ነው፤ 7 ዓመት ወስዷል። አንድ ቤተ መዛግብት ግን የሚያስበው ለ7 ዓመት ሳይሆን ለ70 ዓመት ነው።

ስለዚህ ፊልም የምትቀርጹ፣ ቃለ ምልልስ የምትሰበስቡ ተማሪዎች ሁሉ ከዋናው ፋይል ጎን በክፍት ፎርማት የተዘጋጀ ቅጂ አኑሩ። የነገው ተመራማሪ የእናንተን ሥራ ለማየት የአንድን ኩባንያ ዕድሜና በጎ ፈቃድ መጠበቅ የለበትም።