የአራዳ ሁለተኛው ጊዮርጊስ

አራዳ ሁለት ጊዮርጊስ አለው። አንደኛውን ሁሉም ያውቀዋል፤ ታቦቱ ዓድዋ የዘመተው፣ ምኒልክ አደባባይ ላይ ያለው ደብር ነው። ሁለተኛው ከዶሮ ማነቂያ ሰፈር ብዙ ሳይርቅ፣ ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ በሚወስደው በኩል ይገኛል፤ የአርመኖቹ ቅዱስ ጊዮርጊስ።

አርመንን በደፈናው ፈረንጅ ማለት ለአራዳ ሰው አይመቸውም ነበር። ምክንያቱ መልክ ሳይሆን ሃይማኖት ነው። እ.ኤ.አ. በ451 የተደረገውን የኬልቄዶን ጉባኤ እኛም እነሱም አልተቀበልንም፤ ስለዚህ ሁለቱ አብያተ ክርስቲያናት እህትማማቾች ናቸው። ንግሥት እሌኒ ለፖርቱጋል ንጉሥ መልእክተኛ ስትመርጥ ማቴዎስ የሚባል አርመን የላከችው በከንቱ አልነበረም።

በምኒልክ ዘመን የመጡት ደግሞ ባለሙያዎችና ነጋዴዎች ነበሩ። ሰርኪስ ተርዚያን የመንገድ መዳመጫ አስመጥቶ ከተማው «የሰርኪስ ባቡር» አለው። ቤድሮስ ቦያጂያን የቤተ መንግሥቱ ፎቶ አንሺ ሆነ። ብዙ የሚወራላቸው ግን «አርባ ልጆች» ናቸው። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ሄደው በአርመን ገዳም የነሐስ መሣሪያ የሚነፉ፣ ከኦስማን ቱርክ እልቂት የተረፉ ወላጅ አልባ ልጆች አገኙ፤ አስመጧቸውም። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ዜማውን፣ ዮፍታሔ ንጉሤ ግጥሙን የሠሩት መዝሙር ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በራስ ተፈሪ የንግሥ በዓል ላይ ተሰማ። እስከ ደርግ ዘመን ድረስ የአገር መዝሙር ሆኖ ቆየ። ሰፈር አልባ የነበሩ ልጆች ለአገር መዝሙር ነፉ ማለት ነው።

የአርመኖቹ ቤተ ክርስቲያን የተሠራው በዚያው በ1920ዎቹ ነው። በእኛና በእነሱ መካከል ሁሉም ነገር አንድ ነበር ብሎ መጻፍ ግን ማሞካሸት ይሆናል። ቅዳሴያቸው በጥንቱ አርመንኛ ነው፤ ኅብስቱ ያልቦካ፣ ወይኑ ውኃ ያልተቀላቀለበት ነው፤ ልደትና ጥምቀትን በአንድ ቀን ያከብራሉ፣ ያውም ብዙ ጊዜ በእኛ ገና ዋዜማ። ሐበሻው ጎረቤት ገብቶ ቢሳለም ግን የሚከለክለው አልነበረም፤ ጋብቻም ቢመጣ ሃይማኖት ይቀየር የሚያሰኝ አልነበረም። ጥር 1957 ዓ.ም. የእህትማማቾቹ አብያተ ክርስቲያናት ፓትርያርኮች አዲስ አበባ ሲሰበሰቡ የአርመኑ ካቶሊኮስ ቀዳማዊ ቫዝገንም አብረው ተቀምጠዋል።

በዚያን ጊዜ አርመኖቹ 1,200 ገደማ ይሆኑ ነበር። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. በደርግ አዋጅ ትርፍ ቤት ሲወረስ፣ ሱቅና ፋብሪካም ከእጃቸው ሲወጣ፣ ልጆቻቸው ወደ አሜሪካና ካናዳ አቀኑ። ዛሬ መቶ አይሞሉም።

ዶሮ ማነቂያም በ2016 ዓ.ም. ፈርሶ ነዋሪው ተበተነ። አርመኖቹ በግማሽ ምዕተ ዓመት ቀደሙት እንጂ የሰፈሩ ዕጣ ከእነሱ አልተለየም። ቤተ ክርስቲያናቸው ለዓመታት ቋሚ ካህን በማጣቱ፣ እሑድ እሑድ በሩን እየከፈተ ለጥቂት አረጋውያን ጸሎቱን ሲመራ የኖረው እዚሁ ተወልዶ ያደገ አንድ ዲያቆን ነው።