የአውቶሞቢል የኋላ ፍሬን ታሪክ

ስለ አውቶሞቢል በተጻፈ ቍጥር አብዛኛውን ጊዜ የሚመሰገነው ሞተሩ ነው። የስንት ፈረስ ጕልበት እንዳለውና በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሮጥ ይነገራል፤ የሮጠውን ስለሚያቆመው ዕቃ ግን ብዙም አይወሳም። እኛም በዚህ በትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ላይ ስለ ፍሬን ለመጻፍ የተነሣነው አስቀድመን ዐስበንበት ሳይሆን አንድ ነገር ስለ ገጠመን ነው። የአንድ ጓደኛችን አባት በ1968 የተሠራች አሮጌ ቮልስ አለቻቸው። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሓ ሲወርዱ ፍሬኗ እየላላ ሄዶ ክፉኛ ስላስደነገጣቸው፣ «የኋላውን የታምቡር ፍሬን አውልቀን እዚሁ ግቢያችን ውስጥ በዲስክ እንለውጠው» ብለው ተነሡ። ልጃቸውም ነገሩን ወደ እኛ አመጣው። አንድ ብሎን ከመፍታታችን በፊት ግን አንድ ጥያቄ ያዘን። ዲስክ ይህን ያህል የተሻለ ከሆነ፣ ፋብሪካዎቹ ራሳቸው የኋላውን ታምቡር ያን ያህል ዘመን ስለ ምን ሳይነኩት ቆዩ? የሚከተለው ታሪክ ለዚህ ጥያቄ መልስ ስንፈልግ ያገኘነው ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢዎቻችን እንዲያስተውሉልን እንለምናለን።

በቅድሚያ ሁለቱን ዐይነት ፍሬን ለማያውቋቸው ባጭሩ እንግለጽ። ታምቡር የሚባለው እንደ ድስት ያለ ብረት ሲሆን ከጎማው ጋራ አብሮ ይዞራል። በውስጡ እንደ ግማሽ ጨረቃ የጐበጡ፣ ሸራ የለበሱ ሁለት ብረቶች አሉ። ነጂው ፔዳሉን ሲረግጥ ሁለቱ ብረቶች ወደ ውጭ ይገፉና የድስቱን ውስጠኛ ግድግዳ እየፈተጉ ያቆሙታል። ዲስክ ደግሞ እንደ ሳሕን ጠፍጣፋ ነው፤ ካሊፐር የሚባለው ዕቃ፣ አንጥረኛ የጋለ ብረት በጉጠት እንደሚይዝ፣ ከግራና ከቀኝ ጥርቅም አድርጎ ይይዘዋል። ትልቁ ልዩነት የሚታየው በሙቀት ጊዜ ነው። የሚሮጥ መኪና ፍሬን ተይዞ ሲቆም የሩጫው ኀይል ወደ ሙቀት ይለወጣል። ድስቱ ሙቀቱን በሆዱ ያፍነዋል፤ ሲግል ይሰፋል፤ ሲሰፋም ከሸራው ይርቃል፤ ሸራውም ራሱ ሲግል የመያዝ ኀይሉ ይቀንሳል። ሳሕኑ ግን ሁለቱም ፊቱ ለነፋስ የተገለጠ ስለ ሆነ ቶሎ ይበርዳል፤ ውሃ ቢነካውም ወዲያው ያራግፈዋል።

በመጀመሪያዎቹ አውቶሞቢሎች ላይ ፍሬን ማለት ከጋሪ የተወረሰ፣ በመንኰራኵሩ ላይ ተጭኖ የሚፈትግ እንጨት ነበር። በአየር የሚነፋ ላስቲክ ጎማ ሲመጣ ይህ ዘዴ ጎማውን የሚበላ ሆነና ሌላ ብልሃት መፈለግ ግድ ሆነ። እዚህ ላይ ያስደነቀን ነገር ሁለቱም ፍሬኖች እኩዮች መሆናቸው ነው። ፈረንሳዊው ሉዊ ሬኖ በውስጥ የሚገፋውን የታምቡር ፍሬን ያወጣው በ1902 ነው፤ በዚያው በ1902 እንግሊዛዊው መሐንዲስ ፍሬደሪክ ላንቸስተር በበርሚንግሃም ከተማ ለዲስክ ፍሬን የፈጠራ መብት አወጣ። ታዲያ አንደኛው ለኀምሳ ዓመት ዓለምን ሲገዛ ሁለተኛው የተረሳው ስለ ምንድን ነው? ላንቸስተር ዲስኩን የሚይዘውን ክፍል ያለበሰው መዳብ ነበረ። መዳብና ብረት ሲፋተጉ የሚያሰሙት ጩኸት የማይታገሡት ሆነ፤ የዚያን ጊዜው መንገድም አቧራና ጭቃ ስለ ነበረ የተገለጠውን ዲስክ መዳቡን ቶሎ ቶሎ ያስበላው ነበር። ድስቱ ግን ክዳኑን ዘግቶ ተቀመጠ።

ለጩኸቱ መድኀኒት የተገኘው ከሌላ እንግሊዛዊ ነው። ኸርበርት ፍሩድ ይባላል፤ በኋላ ፌሮዶ የተባለውን ፋብሪካ ያቆመው እርሱ ነው። ተራራ በሚበዛበት በደርቢሸር አውራጃ ባለጋሪዎች ቍልቍለት ሲወርዱ ያረጀ ጫማ በፍሬኑ እንጨት ላይ እየቸነከሩ ሲጠቀሙ አይቶ ዐሳቡ እንደ መጣለት ይነገራል። በ1907 ፍሬንን አዝቤስቶስ በሚባል፣ እሳት በማይበላው ማዕድን ማልበስን አመጣ፤ ሸራውም ለረዥም ዘመን የፍሬን ሁሉ ልብስ ሆነ። የዚህ ማዕድን ብናኝ ሳንባን የሚጎዳና ካንሰር የሚያመጣ መሆኑ ተረጋግጦ ብሪታንያ ሙሉ በሙሉ የከለከለችው ግን በ1999 ነው። እኛ አንዳንድ ጋራዥ ውስጥ የአሮጌ ታምቡር አቧራ በአየር መንፊያ ሲቦነን፣ ልጆችም አጠገቡ ቆመው ሲስቁ አይተናል። አሮጌ ታምቡር የሚከፍት ሰው አቧራውን በውሃ አርጥቦ በጨርቅ ይጥረግ እንጂ አይንፋው።

ታምቡር የነገሠው በክዳኑ ብቻ አልነበረም። አንድ የተሰወረ ጥቅም አለው፤ ይኸውም የሚዞረው ድስት ከፊት ያለውን ሸራ ወደ ራሱ እየጐተተ አጥብቆ እንዲይዝ ስለሚያደርገው፣ ነጂው በእግሩ ከሰጠው ኀይል የበለጠ ኀይል መኪናው ራሱ ይጨምርለታል። ዲስክ ይህ ስጦታ የለውም፤ የተጫነውን ያህል ብቻ ይይዛል። ፍሬን በገመድና በብረት ዘንግ ይጐተት በነበረበት ዘመን ይህ ልዩነት እጅግ ትልቅ ነበር። በፈሳሽ የሚገፋ ፍሬን የደረሰው አሜሪካዊው ማልኮም ሎክሂድ ካሰበበት በኋላ ነው፤ በ1921 ዱሰንበርግ የተባለው አውቶሞቢል በአራቱም ጎማ ላይ ይህን ፍሬን ይዞ ወጣ። ፎርድ ግን እስከ 1939 ሞዴሎቹ ድረስ ከዘንግና ከገመድ አልተላቀቀም።

ዲስክን ከመቃብር ያወጡት አውሮፕላንና እሽቅድድም ናቸው። ከባድ አውሮፕላን መሬት ነክቶ ሲቆም የሚወጣውን ሙቀት ታምቡር የማይችለው ስለ ሆነ፣ የእንግሊዙ ደንሎፕ ኩባንያ ለአውሮፕላን ጎማ የሠራውን ዲስክ ከጃጓር ፋብሪካ ጋራ ሆኖ በእሽቅድድም መኪና ላይ ሞከረው። በ1952 ስተርሊንግ ሞስ በፈረንሳይ አገር በሬምስ ከተማ በዚህ ፍሬን አሸነፈ። ዓለም ሁሉ ያየው ግን በ1953 በለ ማን የሃያ አራት ሰዓት እሽቅድድም ነው። በዚያ ስፍራ ስድስት ኪሎ ሜትር ያህል ቀጥ ያለ ጐዳና አለ፤ በመጨረሻው ደግሞ ወደ ቀኝ የሚታጠፍ ጠባብ ማእዘን ይጠብቃል። በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ የሚበር መኪና በየዙሩ እዚያ ሲደርስ በጥቂት ሰኮንድ ውስጥ መበረድ አለበት፤ ይህም ቀንም ሌሊትም ነው። ባለ ታምቡሮቹ ሸራቸው እንዳይግል ከሩቅ ጀምረው ፍሬን ይይዛሉ። ባለ ዲስኮቹ ጃጓሮች ግን ወደ ማእዘኑ ቀርበው ይይዙ ነበር፤ ሲነጋም ፍሬናቸው እንደ ማታው ነበረ። ቶኒ ሮልትና ደንከን ሃሚልተን የነዱት ጃጓር በአማካይ በሰዓት 170 ኪሎ ሜትር ሮጦ አሸነፈ፤ ከሰዓት መቶ ማይል በላይ በሆነ አማካይ ያ እሽቅድድም ሲፈጸም የመጀመሪያው ነው። ከ80 የሚበልጡ ሰዎች በአደጋ ባለቁበት በ1955 በዚያው ስፍራ የመርሰዲስ መኪናዎች አሁንም ባለ ታምቡር ስለ ነበሩ፣ በነጂው ጀርባ እንደ በር እየተነሣ ነፋስ የሚይዝ ሰፊ ቆርቆሮ ተገጥሞላቸው ነበር። ፍሬኑ ስላልበቃ ነፋስን ረዳት አደረጉ ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ነው የእኛ ጥያቄ የሚመጣው። በ1955 ሲትሮኤን ዲኤስ፣ በ1956 ደግሞ ትራያምፍ ቲአር 3 ዲስክ ይዘው ለሕዝብ ተሸጡ፤ ነገር ግን ዲስኩ የፊት ብቻ ነበር፤ ከኋላ ታምቡሩ እንዳለ ቀረ። ምክንያቱ ርካሽነት ብቻ አይደለም። መኪና ፍሬን ሲያዝ አፍንጫዋን ደፍታ ክብደቷን ወደ ፊት ትጥላለች፤ አውቶቡስ ውስጥ ቆመን ስንሄድ ሾፌሩ ፍሬን ሲይዝ ወደ ፊት እንደምንደፋ ያለ ነው። ስለዚህ በብዙዎቹ መኪናዎች ላይ የማቆሙን ሥራ አብዛኛውን የሚሠሩት የፊት ጎማዎች ናቸው፤ የኋለኞቹ ቀለው ይቀራሉ። የቀለለ ጎማ ላይ ብርቱ ፍሬን ቢጫን ጎማው ቆሞ ይንሸራተታል፤ መኪናዋም በጀርባዋ ትዞራለች። ሁለተኛው ምክንያት የእጅ ፍሬን ነው። ታምቡር በገመድ ቢጐተት ጸጥ ብሎ ያድራል፤ ዲስክን ግን በገመድ አጥብቆ ማሳደር ቀላል አይደለም። በ1965 ሸቭሮሌ ኮርቬት አራቱንም ጎማ ዲስክ ሲያደርግ፣ ለእጅ ፍሬኑ ሲል በኋለኛው ዲስክ መካከል ትንሽ ታምቡር ሸሸገ። ተሸነፈ የተባለው ታምቡር በአሸናፊው ሆድ ውስጥ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው።

ፋብሪካ የተወውን ሥራ በግቢያቸው የጀመሩት ባለመኪናዎች ናቸው፤ በተለይም በአሜሪካ። ፎርድ ሙስታንግ በ1964 ሲወጣ የኋላ ፍሬኑ ታምቡር ነበር። በ1977 ያው ኩባንያ ሊንከን ቨርሳይ የተባለ ውድ አውቶሞቢል አወጣ፤ ገበያ ሳይቀናው በ1980 ተቋረጠ። ነገር ግን የኋላ አክሱ ዲስክ ነበረው፤ ስፋቱም ለአሮጌው ሙስታንግ የሚስማማ፣ የጎማው ብሎኖችም አቀማመጥ አንድ ዐይነት ነበር። ስለዚህ ማንም ያልፈለገው መኪና፣ ወዳደቁ መኪናዎች በሚከማቹበት ስፍራ አክሱ እየተፈለገ የሚፈታ ሆነ። እንዲሁም የቮልስ ወዳጆች በ1969 የወጣውን የፖርሽ 914 የኋላ ካሊፐር፣ የእጅ ፍሬን በውስጡ ስላለው፣ እየገዙ ይገጥሙ ነበር።

ችግሩ ታዲያ ከመግጠሙ አይደለም፤ ከተገጠመ በኋላ ነው። ዲስኩ ታምቡሩ የነበረው የራስ መጐተት ስለሌለው ብዙ ግፊት ይፈልጋል፤ ካሊፐሩም ከታምቡሩ ፒስቶን የበለጠ ዘይት ይጠጣል፤ ስለዚህ በአሮጌው የፍሬን ፓምፕ ቢሠራ ፔዳሉ እስከ ወለል ሊወርድ ይችላል። በብዙ አሮጌ ፓምፖች ውስጥ ለታምቡር ተብሎ የተቀመጠ፣ በቱቦው ውስጥ ጥቂት ግፊት የሚያስቀር ቫልቭ አለ፤ ይህ ካልተነሣ ዲስኩ ሳይለቀቅ እየተፋተገ ይግላል። የፊቱንና የኋላውን ግፊት የሚያካፍለው ቫልቭም እንደ ገና መመጠን አለበት። ሁሉም ተስተካክሎ ሲሞከር የፊት ጎማዎች ከኋለኞቹ ቀድመው መያዝ ይገባቸዋል። ይህ ሳይሆን ቀርቶ የኋላው ቢቀድም፣ የተገጠመው ዕቃ የቱንም ያህል የሚያብረቀርቅ ቢሆን መኪናዋ ከበፊቱ የከፋች ናት።

ሌላም ያልጠበቅነው ነገር አገኘን። ቮልስዋገን በ2020 ባወጣው አይዲ 4 በተባለው የኤሌክትሪክ መኪና ላይ የኋላው ፍሬን ታምቡር ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ሲበርድ ሞተሩ ራሱ ወደ ጄኔሬተርነት ተለውጦ ፍጥነቱን ወደ ባትሪ ስለሚመልሰው፣ የኋላው ፍሬን ብዙ ጊዜ ሥራ ፈትቶ ይቆያል፤ ሥራ የፈታ ዲስክ ደግሞ ይዝጋል። ድስቱ ግን ዛሬም ክዳኑ ተዘግቶ ይጠብቃል። አገራችን በ2024 የነዳጅ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ ይህን መኪና በአዲስ አበባ ጐዳና ማየት የተለመደ ሆኗል። የሥልሳዎቹ ቮልስና የዛሬው አይዲ 4 በመብራት አጠገብ ላጠገብ ሲቆሙ ሁለቱም ከኋላ ባለ ታምቡር ናቸው።

የጓደኛችንን አባት ቮልስ በተመለከተ፣ ሞተሯ ከኋላ ስለ ሆነ የኋላ ጎማዎቿ ከሌሎች መኪናዎች ይልቅ ክብደት አላቸው፤ ስለዚህ በእርሷ ላይ የኋላው ፍሬን ቀላል የማይባል ሥራ አለበት። አንድ ልምድ ያላቸው መካኒክ ባሉበት በክሪክ አንሥተን ቸርኬዋን ካወረድን በኋላ ታምቡሩን ስንከፍት፣ የግራው ሸራ በዘይት ተነክሮ አገኘነው፤ የአክሱ ጎሚኒ አርጅቶ ዘይት ያፈስ ነበር። ጎሚኒው ተለወጠ፤ ሁለቱም ሸራዎች አዲስ ሆኑ፤ አሮጌው የፍሬን ዘይትም ተቀየረ። ዲስኩን ለፊት እንዲያደርጉት ተስማምተን፣ ለዚያ ዘመን ቮልስ የሚስማማውን የካርማን ጊያ የፊት ዲስክ እያፈላለጉ ናቸው። እስኪገኝ ድረስ ዓባይን የሚወርዱት በሁለተኛ ማርሽ ነው።