የቤት ኮምፒውተርና የሚዋዥቅ ኤሌክትሪክ፦ የመከላከያ መሣሪያዎች ታሪክ በኢትዮጵያ ከተሞች

በኢትዮጵያ ከተሞች ኮምፒውተር ወደ መኖሪያ ቤት ሲገባ ብዙ ጊዜ ብቻውን አልገባም፤ አቅም ባለው ቤት ዩፒኤስ ወይም ስታቢላይዘር፣ አቅም ባነሰው ቤት ደግሞ ቢያንስ ማብሪያ ማጥፊያ ያለው ዲቫይደር አብሮት ተገዝቷል። እነዚህ ዕቃዎች እንደ ተራ ተጨማሪ ቢታዩም፣ ታሪካቸው ሲመረመር የሀገሪቱ የኤሌክትሪክ መስመር ለምን ዓይነት ተጠቃሚ እንደተዘረጋ፣ በኋላ የመጣው መሣሪያ ከዚያ መስመር ምን እንደጠየቀ፣ በሁለቱ መካከል የተፈጠረውን ክፍተት የመሙላት ወጪም እንዴት ወደ ቤተሰቡ እንደተሸጋገረ ያስረዳል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኤሌክትሪክ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1898 ገደማ፣ ቤተ መንግሥቱን ለማብራት በመጣ ጄኔሬተር ነበር። ከዚያ በኋላ በአቃቂ ወንዝ ላይ 6.6 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የአባ ሳሙኤል ጣቢያ ተሠራ፤ በ1956 የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ በ1960 ደግሞ ከኢጣሊያ በተገኘ የጦርነት ካሳ በአዋሽ ወንዝ ላይ የተገነባው፣ 43.2 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የቆቃ ግድብ ሥራ ጀመረ። በነዚያ አሥርት ዓመታት የመኖሪያ ቤት ከመስመሩ የሚፈልገው አምፖል ማብራት፣ ራዲዮ ማሰማት፣ ካውያ ማሞቅና ቀስ በቀስም እንጀራ መጋገር ነበር። ባለ ክሩ አምፖል ቮልቴጅ፣ ማለትም ኤሌክትሪክን በሽቦ ውስጥ የሚገፋው ኃይል፣ ሲቀንስ ይፈዛል፤ ሲጨምር ዕድሜው ያጥራል፤ ለዓይን ጥቅሻ ያህል ቢቋረጥ ግን ክሩ ገና ስላልቀዘቀዘ ማንም ልብ አይለውም። የኤሌክትሪክ ምጣድም ቮልቴጅ ሲያንሰው ዘግይቶ ይግላል እንጂ አይበላሽም።

ይሁን እንጂ መዋዠቁን ራሱ ካባባሱት ነገሮች አንዱ ይኸው ምጣድ ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ያህል ስለሚወስድ፣ በ220 ቮልት መስመር ላይ ወደ 16 አምፔር የሚጠጋ ኮረንቲ ይስባል። በአንድ የሰፈር ትራንስፎርመር ላይ ብዙ ቤቶች በአንድ ሰዓት ሲጋግሩ፣ በተለይ ሽቦው ቀጭንና ረጅም በሆነበት የመስመሩ ጫፍ፣ የኃይሉ አንድ ክፍል በመንገድ ላይ ወደ ሙቀት ተለውጦ ስለሚባክን እስከ ቤቱ ሶኬት የሚደርሰው ቮልቴጅ ከ220 በእጅጉ ያነሰ ይሆናል። ምጣዶቹ ሲጠፉ ደግሞ ቮልቴጁ ተመልሶ ይወጣል።

ኮምፒውተር እንዲህ ያለውን መስመር የሚቀበልበት መንገድ ከአምፖልና ከምጣድ ፈጽሞ የተለየ ነው። አይቢኤም የግል ኮምፒውተሩን ለገበያ ካቀረበበት ከ1981 ወዲህ በሰፊው በተሰራጩት ማሽኖች ውስጥ ፓወር ሰፕላይ የሚባለው ክፍል የመስመሩን ተለዋዋጭ ኮረንቲ ወደ 5 እና 12 ቮልት ቀጥተኛ ኮረንቲ ይለውጣል፤ በውስጡ ያለው ካፓሲተር የተባለ ማጠራቀሚያም ኃይል ሲቋረጥ ማሽኑን ለአጭር ቅጽበት ብቻ ያቆየዋል። የአሜሪካ ኮምፒውተር አምራቾች ማኅበር ያወጣው የታወቀ መለኪያ ማሽኑ ሙሉ በሙሉ የተቋረጠ ኃይልን እስከ 20 ሚሊ ሰከንድ፣ ማለትም ለሰከንድ አንድ ሃምሳኛ፣ እንዲችል ይጠይቃል፤ ከዚያ ካለፈ ማሽኑ ይጠፋል፣ ያልተቀመጠ ጽሑፍ ይጠፋል፣ በመጻፍ ላይ የነበረ ዲስክም ሊበላሽ ይችላል። በብዙ ቀደምት ፓወር ሰፕላዮች ጀርባ ላይ 115 እና 230 የሚል ቁጥር የተጻፈበት ትንሽ፣ ብዙውን ጊዜ ቀይ፣ ማዞሪያ ነበር፤ ከአሜሪካ የመጣ ማሽን ማዞሪያው በ115 ላይ እንዳለ 220 ቮልት ሶኬት ላይ ከተሰካ መስመሩ ምንም ሳይበላሽ ፓወር ሰፕላዩ በቅጽበት ይቃጠላል።

ለመስመሩ መዋዠቅና መቋረጥ በመጀመሪያ የቀረበው መልስ ለማቀዝቀዣና ለቴሌቪዥን ሲያገለግል የቆየው ስታቢላይዘር ነው። በውስጡ ያለው ጥቅል ሽቦ በተለያየ ቦታ ላይ መውጫዎች ስላሉት፣ ቮልቴጁ ሲወርድ ወይም ሲወጣ ሪሌ የተባለው መቀያየሪያ ቀጭ የሚል ድምፅ እያሰማ ከአንዱ መውጫ ወደ ሌላው ያሻግረዋል፤ ሰርቮ በሚባለው ዓይነት ደግሞ ትንሽ ሞተር የካርቦን ብሩሽን በጥቅሉ ላይ እያንሸራተተ ቮልቴጁን ያስተካክላል። ስታቢላይዘር ምጣድ ለሚፈጥረው ዓይነት ዝግ ያለ መዋዠቅ እውነተኛ መፍትሔ ነው፤ ነገር ግን ምንም ኃይል ስለማያከማች መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ኮምፒውተርን ለመጠበቅ ስታቢላይዘር የገዛ ቤተሰብ ብዙ ጊዜ የማቀዝቀዣውን ችግር መድኃኒት ለሌላ ችግር አውሎታል።

ሁለተኛው መልስ ዩፒኤስ፣ ማለትም የማይቋረጥ ኃይል ሰጪ፣ ነው። መሠረቱ ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ በ1859 የፈለሰፈው የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ሲሆን፣ ያልተቋረጠ ኃይል ለመስጠት የታሰበ መሣሪያ ጆን ሃንሊ በተባለ ሰው ስም በ1934 በአሜሪካ የፈጠራ መብት አግኝቷል። ለግል ኮምፒውተር የሚሆኑት ትንንሽ ዩፒኤሶች ግን የመጡት በ1980ዎቹ ነው፤ ኋላ በዓለም ገበያ ስሙ የገነነው ኤፒሲ የተባለው ኩባንያ የመጀመሪያውን ዩፒኤስ ያወጣው በ1984 ነበር። ተራው የቤት ዩፒኤስ መስመሩ ሲቋረጥ ወደ ባትሪ የሚዞረው ከ10 ሚሊ ሰከንድ ባነሰ ወይም በዚያ አካባቢ ጊዜ በመሆኑ፣ ፓወር ሰፕላዩ ከሚችለው ከ20 ሚሊ ሰከንድ በፊት ይደርሳል፤ ተጠቃሚው ማሽኑ ሲጠፋ የማያየው ሁለቱ ጊዜያት ስለሚጣጣሙ ነው።

ይህ መሣሪያ ግን የተሠራው ለደቂቃዎች ነው። ዓላማው ሥራን አስቀምጦ ማሽኑን በሥርዓት ለማጥፋት ጊዜ መስጠት ሆኖ ሳለ፣ በድርቅ ምክንያት በ2003፣ የግልገል ጊቤ 3 ግድብ ውኃ በማነሱም በ2019 ኤሌክትሪክ በፈረቃ ሲታደል ለሰዓታት የሚዘልቅ ጨለማ ገጠመው። የእርሳስ ባትሪ ተሟጥጦ ለረጅም ጊዜ ሳይሞላ ሲቆይ በውስጠኛ ሳህኖቹ ላይ ጠጣር ሰልፌት ስለሚጋገርበት አቅሙ ይደክማል፤ ስለዚህ ፈረቃ ሥራን ከማስተጓጎሉ ሌላ መከላከያውንም ራሱን ያለ ዕድሜው ያስረጀው ነበር።

ከመውረድና ከመጥፋት ቀጥሎ ያለው ሦስተኛው ሥጋት ከሁሉ የከፋውና ከሁሉ ያነሰ ትኩረት ያገኘው የቮልቴጅ ድንገተኛ መናር ነው። መብረቅ ለሚያደርሰው ቅጽበታዊ ምት በጃፓኑ ማትሱሺታ ኩባንያ የተሠራውና ቫሪስተር የሚባለው ክፍል በተሻሉ ዲቫይደሮች ውስጥ ገብቷል፤ ምቱን ወደ መሬት ለማሳለፍ ግን በትክክል የተቀበረ የኧርዝ ሽቦ ይፈልጋል፣ ይህም በብዙ ቤቶች የለም። ከዚህ የሚብሰው የኒውትራል መበጠስ ነው። የሰፈር ትራንስፎርመር በሦስት ፌዞችና ለሁሉም መመለሻ በሆነ አንድ ኒውትራል ኃይል ያድላል፤ በአንድ ፌዝና በኒውትራል መካከል 220፣ በሁለት ፌዞች መካከል ግን 380 ቮልት አለ። ኒውትራሉ ሲላላ ወይም ሲበጠስ ጥቂት ዕቃ የከፈተ ቤት ወደ 380 የሚጠጋ ቮልቴጅ ሊደርሰው ይችላል፤ ቫሪስተሩም ለቅጽበት እንጂ ለረጅም ጊዜ ስላልተሠራ ግሎ ይቃጠላል። መብራት ሲጠፋ ዕቃን ሁሉ ከሶኬት ነቅሎ፣ ሲመለስም እስኪረጋ ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ የሚለው የቤተሰብ ልማድ ቀላልና ጠቃሚ መከላከያ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚቀበል ቻርጀርና የራሱ ባትሪ ያለው ላፕቶፕ ሲስፋፋ አብዛኛው ጥበቃ ወደ ማሽኑ ውስጥ ገብቷል፤ ሆኖም ያ ቻርጀር 380 ቮልትን አይችልም። 1,870 ሜጋ ዋት አቅም ያለው ግልገል ጊቤ 3 እና በ2025 የተመረቀው ታላቁ የህዳሴ ግድብ የኃይል እጥረትን ቢያቃልሉም፣ በአንድ ቤት ሶኬት ላይ የሚታየውን ቮልቴጅ የሚወስነው ከመጨረሻው ትራንስፎርመር እስከ ቆጣሪው ያለው ሽቦ ነው። ስለዚህ የዚህ ታሪክ ትምህርት ግልጽ ነው፦ ቤተሰቡ መከላከያ ከመግዛቱ በፊት የሚሠጋው ከመጥፋት፣ ከመውረድ ወይስ ከመናር መሆኑን መለየት ይገባዋል፤ ኃይል አከፋፋዩ ደግሞ የኒውትራል ማያያዣዎችን መፈተሽ፣ ጭነቱን በሦስቱ ፌዞች ማመጣጠንና የቀጠኑ ሽቦዎችን መለወጥ ከግድብ ግንባታ እኩል የሚመዘን ሥራው አድርጎ ሊይዘው ይገባል፤ ይህ እስካልተደረገ ድረስ የመስመሩን ጉድለት እያንዳንዱ ቤት በየግሉ ሲከፍል ይኖራል።