ኤሊዋ ተረፈች፣ ወፏስ?

ቴክሳስ ውስጥ ጋልቬስተን የምትባል ደሴት አለች። በ1962 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) እዚያ ዳርቻ አካባቢ ቀጭን ምንቃሯ ወደ ታች የታጠፈ ወፍ ፎቶ ተነሣች። ኤስኪሞ ከርሉ ትባላለች። በዓመቱ ባርቤዶስ ላይ አንዲት በጥይት ተመታ ሞተች፤ ከዚያ ወዲህ በተጨባጭ ማስረጃ የተረጋገጠ ከርሉ የለም። ዛሬ ግን እዚያው ጋልቬስተን አሸዋ ላይ የኬምፕ ሪድሊ የባሕር ኤሊ እየወጣች እንቁላል ትጥላለች። እሷም ልትጠፋ አንድ ሐሙስ ቀርቷት ነበር። ታዲያ አንዷ ስትተርፍ ሌላዋ ለምን ቀረች?

ሁለቱንም ያስጠቃቸው በብዛት አብሮ መሰብሰባቸው ነው። ከርሉ በካናዳ ሰሜን ጫፍ ትፈለፍላለች፣ እስከ አርጀንቲና ትወርዳለች፣ በጸደይ በአሜሪካ የሣር ሜዳዎች በኩል ትመለሳለች። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አዳኞች መንገድ ላይ ይጠብቋት ነበር። አንዷ ተመታ ስትወድቅ መንጋው ዞሮ ወደ እሷ ይመለሳል፤ ያኔ የቀሩትን መልቀም ነው። ኔብራስካ ውስጥ በሠረገላ ይጫኑ ነበር። ሜዳውም ታረሰ፣ የምትበላው የሮኪ ተራሮች አንበጣም ከምድረ ገጽ ጠፋ። አሜሪካ ለስደተኛ ወፎች ሕግ ያወጣችው በ1918 ነው። ረፍዷል።

ወደ ኤሊዋ እንምጣ። በ1947 አንድሬስ ኤሬራ የተባለ ሜክሲኳዊ ራንቾ ኑዌቮ ዳርቻ ላይ ፊልም ቀረጸ። ፊልሙን በ1961 ያዩት ሳይንቲስቶች በአንድ ቀን 40,000 ያህል እናቶች እንደወጡ ገመቱ። እስከዚያ ድረስ የት እንደምትፈለፈል አያውቁም ነበር። የአገሬው ሰውማ ያውቃል፤ እንቁላሉን በአህያ እየጫነ ይሸጥ ነበር! በ1985 እዚያ የተገኘው የእንቁላል ጉድጓድ 702 ብቻ ነው።

ግን ልብ በሉ፦ አንድ ዳርቻ ዘብ ይቆምለታል። ሜክሲኮ ከ1966 ጀምሮ ጠባቂ አሰማራች፣ ወታደር ጭምር። አሜሪካ ደግሞ ሽሪምፕ አጥማጆች መረባቸው ላይ የኤሊ ማምለጫ እንዲገጥሙ አስገደደች፤ በ1989 አጥማጆቹ ተቆጥተው የቴክሳስ ወደቦችን በጀልባ እስከ መዝጋት ደርሰዋል። ከአርክቲክ እስከ አርጀንቲና ለምትበርር ወፍ ዘብ የት ይቆምላታል? እሷ የምትጥለው 4 እንቁላል ነው፤ ኤሊዋ በአንድ ጉድጓድ ብቻ 100 ያህል። በ2017 የኤሊዋ ጉድጓዶች ከ20,000 በላይ ሆነዋል፤ ቁጥሩ ግን ዛሬም ከዓመት ዓመት ከፍ ዝቅ ይላል፣ ጠባቂዎቹም ከዳርቻው አልተነሡም።