ባትላሜራ፣ ስቱኮና የስፖርት መኪናዋ ነገር

ጎፋ ወይም መካኒሳ አንዱ ጋራዥ በር ላይ አምስት ደቂቃ ቁሙና አዳምጡ። «ካቻቢቴ አቀብለኝ! ፓራውልቱን ፍታ! ስፖኪዮውን ተጠንቀቅ! ፍሬቻዋስ?» ልጁ ጣሊያንኛ አያውቅም፤ ግን ቀኑን ሙሉ ጣሊያንኛ ሲያወራ ይውላል።

መኪና አገራችን የገባው በምኒልክ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም. ነው፤ ያመጣውም ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ ነበር። የጋራዡ ቋንቋ ግን ከሱ ጋር አልመጣም። በወረራው ዓመታት (ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.) ጣሊያን ለጦሩና ለመንገድ ሥራው በሺህ የሚቆጠር ካሚዮን አስገባ። ካሚዮን ደግሞ ጠጋኝ ይፈልጋል። ጣሊያን ሲሸነፍ ሁሉም አልሄዱም፤ የቀሩት መካኒኮች ጋራዥ ከፈቱ፣ የኛ ልጆችም ቁልፍ እያቀበሉ ሙያውን ከነስሙ ወረሱ። ባትላሜራ ማለት በቀጥታው «ላሜራ ቀጥቃጭ» ነው።

ሙያው ሥር የሰደደው መኪናውም ጣሊያን ስለነበር ይመስለኛል። ሰማያዊና ነጭ የነበሩት ሰይቼንቶ ታክሲዎች ፊያት 600 ናቸው። በኋላ የመጣችው ላዳም ብትሆን ከፊያት 124 የተወለደች ናት። (ሶሻሊዝም መጣ፣ ፓራፋንጎው ግን ፓራፋንጎ እንደሆነ ቀረ!) በነዚህ መኪኖች ጉዳቱን ዓይን ያየዋል። በመዶሻ ትመልሰዋለህ፣ የቀረችውን ስርጉድ በስስ ስቱኮ ትሞላለህ፣ ትቀባለህ፣ በቃ።

አሁን ተማሪዬ የነበረ አንድ ልጅ የገጠመውን ልንገራችሁ። ለቡ መብራት ላይ ሚኒባስ ገባበትና የስፖርት መኪናውን የፊት ጥግ ነካት። ቀላል ግጭት ነው። ጋራዡ በሁለት ቀን አንጸባርቃ አስረከበው። ሳምንት ሳይሞላ መሪዋ ወደ ቀኝ መሳብ ጀመረ፣ የአንዱ ጎማ የውስጥ ጠርዝም ተበላ። ሲፈታ ከፕላስቲኩ ፓራውልት ጀርባ ያለው ብረት እንደታጠፈ ነው፤ የፋናው መያዣ በስቱኮ ተለጥፏል፤ አላይመንት የሚባል ነገር አልተነካም።

ያ ብረት እኮ ጌጥ አይደለም። መርሴዲስ እ.ኤ.አ. በ1959 ባወጣው ሞዴል የመኪናው አፍንጫ ሆን ተብሎ ቀድሞ እንዲጨማደድ ተደረገ፤ ግጭቱን እሱ እንዲበላው፣ ሰው እንዲተርፍ። ዛሬ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሠሩት። አንዴ የታጠፈ ብረት ተቀጥቅጦ ቢቃና የመጀመሪያ ጉልበቱ አይመለስም። አሉሚኒየም ከሆነማ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ይቀየራል እንጂ አይጠገንም።

ጥፋቱን ሁሉ ባትላሜራው ላይ መጫን ግን ግፍ ነው። ኢንሹራንሱ ዝቅተኛውን ፕሮፎርማ ያያል፣ ባለመኪናው ለነገ ይላል፣ ሶማሌ ተራ ደግሞ እንዲህ ላለች መኪና ዕቃ የለውም። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ስለተከለከለ ዕቃው ይበልጥ እየራቀ ነው የሚሄደው።

እናም ቀለም ከመቀባቱ በፊት ሄዳችሁ እዩ፤ ፓራውልቱ ወርዶ እያለ ፎቶ አንሱ። የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ ተቀበሉ። የአላይመንቱን ወረቀት ጠይቁ፤ ከመሠራቱ በፊት የነበረውንም፣ በኋላ የመጣውንም። ልጁ በመጨረሻ ሳሪስ ያሉ አንድ አዛውንት ባትላሜራ ጋ ወሰዳት። እሳቸው ብረቱን በእጃቸው ዳሰሱት፤ መዶሻውን እንኳ አላነሱም፣ አስቀይር አሉት። ዕቃው ከዱባይ እየተጠበቀ ነው፤ መኪናዋም ሸራ ለብሳ ግቢያቸው ቆማለች።